የለጋ ፕሌይስን ዕድገት ለማጥናት የትኛው የጆሮ አጥንት? በምን ዘዴ? — የንጽጽር መመሪያ

በሚያዝያ ወር የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ፣ በኔዘርላንድስ ሰሜናዊ ጠረፍ በሚገኘው የዋደን ባሕር የአሸዋና የጭቃ ሜዳ ዳር በትንሽ መረብ የሚጠመደው ለጋ ፕሌይስ ርዝመቱ ቢበዛ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ይህ ጠፍጣፋ ዓሣ የተፈለፈለው በአውሮፓ የብርድ ወራት፣ በሰሜን ባሕር ደቡባዊ ክፍል ሲሆን፣ ከዚያ እስከዚህ ዳርቻ በውሃ እየተገፋ የመጣው ገና እንደ ማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ እየዋኘ፣ ዓይኖቹም በግራና በቀኝ እንዳሉ ነው። በጉዞው መጨረሻ የግራ ዓይኑ ወደ ቀኝ ጎኑ ይዞራል፤ አካሉ ይጠፈጠፋል፤ ከዚያም አሸዋ ላይ ይሰፍራል። ስንት ቀኑ ነው? ባሕር ላይ ሳለ ፈጥኖ አደገ ወይስ ተጓተተ? ከሰፈረ ወዲህስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው በዓሣው ጭንቅላት ውስጥ ካሉት ሦስት ጥንድ የጆሮ አጥንቶች ነው፤ ሦስቱ ግን ለሁሉም ጥያቄ እኩል አይመልሱም፣ አዘገጃጀታቸውም አንድ አይደለም።

በልማድ «የጆሮ አጥንት» እንላለን እንጂ ነገሩ አጥንት አይደለም። በሳይንሱ ስሙ ኦቶሊት የሚባለው ይህ ነገር ጥቂት ፕሮቲን የተቀላቀለበት የካልሲየም ካርቦኔት ድንጋይ ነው፤ ዓሣው ሚዛኑን እንዲጠብቅና እንዲሰማ ያገለግለዋል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ዓሣ ሲራብ ከአጥንቱና ከቅርፊቱ ካልሲየም መልሶ ሊወስድ ይችላል፤ የጆሮው ድንጋይ ግን አንዴ የተጣለበትን ንብርብር ይዞ ይቆያል፤ በየቀኑም አንድ ብሩህና አንድ ጠቆር ያለ ስስ ንብርብር ስለሚጨመርበት የዕለት ቀለበት ይሠራል። ይህን የዕለት ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1971 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ጆርጅዮ ፓኔላ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የለጋ ዓሣ ዕድሜ በወርና በዓመት ብቻ ሳይሆን በቀን ይቆጠር ጀመር።

በመጀመሪያ፦ የጆሮ ድንጋይ በእርግጥ ያስፈልጋል?

ሥራው አድካሚ ስለሆነ ይህ ጥያቄ መቅደም አለበት። ርካሹ አማራጭ በየሁለት ሳምንቱ ከአንድ ቦታ በመረብ እየያዙ የዓሦቹን ርዝመት መለካትና አማካዩ በምን ያህል እንደጨመረ ማስላት ነው። አንድ የመረብ ጉተታ በመቶ የሚቆጠሩ ዓሦችን ሊሰጥ ስለሚችል፣ ዓላማው የአንድን ዳርቻ ጠቅላላ ሁኔታ ከዓመት ዓመት ማነጻጸር ብቻ ከሆነ ይህ ዘዴ በቂ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ በአማካዩ ውስጥ የተደበቀው ነው። ፕሌይሶቹ ዳርቻው ላይ የሚሰፍሩት በአንድ ቀን ሳይሆን በበርካታ ሳምንታት ተከታትለው ነው፤ ስለዚህ በሚያዝያ መጨረሻ አዲስ ትናንሾች ሲመጡ አማካዩ ዝቅ ይላል፤ ዕድገት የቆመ ይመስላል። በሌላ በኩል ቡናማው የባሕር ሽሪምፕ ገና የሰፈሩትን ትናንሽ ፕሌይሶች ይበላል፤ ዓሣው ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ግን ከሽሪምፑ አደጋ ያመልጣል። ትንንሾቹ እየተበሉ ሲያልቁ ከቀሩት የሚወሰደው አማካይ ከፍ ይላል፤ ማንም ዓሣ አንዲት ሚሊ ሜትር ባያድግ እንኳ «ዕድገት» ታየ ይባላል። በጋው ሲገፋ ደግሞ ትልልቆቹ ወደ ጥልቁ ውሃ ስለሚወጡ ስሕተቱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይገለበጣል። ስለዚህ ጥያቄው «ዓሦቹ እንዴት አደጉ» ከሆነና «በዳርቻው ያለው አማካይ ርዝመት ምን ሆነ» ካልሆነ፣ የጆሮ ድንጋይ ልፋቱን ይክሳል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ተፎካካሪ ዘዴ በሥጋው ውስጥ ያለውን የአር ኤን ኤ እና የዲ ኤን ኤ መጠን ማነጻጸር ነው። ይህ የሚነግረን ዓሣው ባለፉት ጥቂት ቀናት የነበረበትን ሁኔታ እንጂ የኋላ ታሪኩን አይደለም። ይሁንና ሁለቱ ዘዴዎች እርስ በርስ አይቃረኑም፤ ዓሣው ወዲያው በከፍተኛ ቅዝቃዜ ከታሸገ ከአንዱ ዓሣ ሥጋውንም ድንጋዩንም መጠቀም ይቻላል። አልኮል ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የሥጋው ጉዳይ በአብዛኛው አብቅቷል፤ ይህ ውሳኔ መወሰን ያለበት ጀልባው ላይ ነው፣ ቤተ ሙከራ ከተደረሰ በኋላ አይደለም።

ከሦስቱ የትኛው?

የመመሪያው ዋና ጉዳይ ይህ ነው፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሦስቱ ጥንዶች ሳጂታ፣ ላፒለስ እና አስተሪስከስ ይባላሉ፤ ስሞቹ በላቲን «ቀስት»፣ «ትንሽ ድንጋይ» እና «ትንሽ ኮከብ» ማለት ናቸው።

አስተሪስከስን በቶሎ እንሰናበተው። ሳጂታና ላፒለስ ዓሣው ሲፈለፈል ያሉ ሲሆን፣ አስተሪስከስ ግን የሚፈጠረው ቆይቶ ነው። ዘግይቶ የተከፈተ ደብተር ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ገጾች አይገኙም፤ የመጀመሪያ ዕድገትን የሚያጠና ሰው ደግሞ የሚፈልገው እነዚያኑ ገጾች ነው። ከዚህም በላይ ሌሎቹ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አራጎናይት ከሚባለው የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት የተሠሩ ሲሆኑ፣ ይህኛው በአብዛኛው ቫተራይት ከሚባለው ሌላ ዓይነት የተሠራ በመሆኑ ብርሃን ሲያልፍበት የሚሰጠው ምስል ሌላ ነው።

የሚቀረው ምርጫ በሳጂታና በላፒለስ መካከል ነው። በአብዛኞቹ የባሕር ዓሦች ትልቁ ሳጂታ ነው። በወረንጦና በመርፌ ለማውጣት ይቀላል፤ ቀለበቶቹም ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ለመለካት ይመቻሉ። ስለዚህ አዲስ ጀማሪ ሳያስብበት ሳጂታን ያነሣል፤ ለብዙ ዓሦችም ምርጫው ትክክል ነው። ጠፍጣፋ ዓሣ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዓይኑ በሚዞርበት ጊዜ በሳጂታው ጠርዝ ላይ አዳዲስ የዕድገት መነሻዎች፣ ማለትም ተጨማሪ እምብርቶች፣ ይፈጠራሉ። እስከዚያ ድረስ ከአንድ እምብርት ዙሪያ በሥርዓት ሲሰፉ የነበሩት ክቦች ይቋረጡና ከየእምብርቱ አዲስ የቀለበት ስብስብ ይነሣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ መሐሉ ንጹሕ ክብ፣ ዙሪያው ደግሞ እንደ አበባ ቅጠል የተደረደሩ ቅስቶች ይመስላል። ከመሐል ጀምሮ በአንድ መስመር ወደ ጠርዝ የሚቆጥር ሰው ከክቡ ወደ ቅስቱ ሲሻገር መስመሩ ይጠፋበታል፤ ስንት ቀን እንደዘለለም አያውቅም።

ላፒለስ ግን ይህ ሁከት አያገኘውም። በዚያው የለውጥ ወቅት እንኳ ከአንድ እምብርት ዙሪያ መስፋቱን ይቀጥላል፤ ቅርጹም ክብና ጠፍጣፋ ስለሆነ ብዙ መፋቅ አይፈልግም። እዳው ትንሽነቱ ነው፤ ሲወጣ ይጠፋል፤ ቀስ ብሎ ስለሚያድግም ቀለበቶቹ ጠባብ ናቸው። ዓሣው ወራት ባስቆጠረ ቁጥር ጠርዙ አካባቢ የተጨናነቁትን ቀለበቶች መለየት እየከበደ ይሄዳል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ በጥያቄው ዓይነት ይወሰናል። ዓሣው ከተፈለፈለበት እስከ ተያዘበት ቀን ያለው ሙሉ ዕድሜ ከተፈለገ ላፒለስን እመርጣለሁ። ባሕር ላይ የቆየበት ጊዜ ብቻ ከተፈለገ፣ ከሳጂታው መሐል እስከ መጀመሪያው ተጨማሪ እምብርት መቁጠር ይበቃል፤ እንዲያውም ያ እምብርት የለውጡን ጊዜ የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ስለሆነ እንቅፋት የነበረው ነገር እዚህ ላይ አጋዥ ይሆናል። ከሰፈረ በኋላ ባሉት የመጨረሻ አንድ ሁለት ሳምንታት ምን ያህል እንዳደገ ማወቅ ከተፈለገ ደግሞ የሳጂታው ውጫዊ ቀለበቶች ሰፊና ግልጽ በመሆናቸው ከላፒለስ ይሻላሉ። ሁለቱንም ከአንድ ዓሣ ወስዶ ለየራሳቸው ጥያቄ መጠቀም የሚከለክል ነገር የለም፤ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ የአንዱን ቀለበት ስፋት ከሌላው ጋር መቀላቀል ግን አይፈቀድም።

በዚሁ አጋጣሚ ለአገራችን የሐይቅ ዓሣ አጥኚዎች አንድ ነገር ላንሣ። ከላይ «ትልቁ ሳጂታ ነው» የተባለው ለጣና ባርበስም ሆነ ለአምባዛ አይሠራም። በእነዚህ የዓሣ ወገኖች ሳጂታው እንደ መርፌ የቀጠነና በቀላሉ የሚሰበር ነው፤ በአምባዛ ትልቁ ላፒለስ ሲሆን፣ በባርበስ ወገን ደግሞ አስተሪስከስ ይተልቃል። በአስተሪስከስ ትልቅነት ተታልሎ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕድገት እሱን መምረጥ ከላይ ወደተጠቀሰው የጎደለ ደብተር ይመልሳል። ቆሮሶ ግን ከዚህ ወገን ስላልሆነ ሳጂታው ያገለግላል።

አልኮል ወይስ ፎርማሊን?

እዚህ ላይ ብዙ ማነጻጸር አያስፈልግም። ፎርማሊን ሲቆይ አሲዳማ ይሆናል፤ አሲድ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔትን ያሟሟል። መጀመሪያ የሚጠፋው የውጨኛው ጠርዝ፣ ማለትም የመጨረሻዎቹ ቀናት ናቸው፤ የለጋ እጭ ድንጋይ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። በየተቋሙ መደርደሪያ ላይ ለሌላ ዓላማ በፎርማሊን የታሸጉ የዓሣ ጠርሙሶች ያማልላሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆኑም። 95 በመቶ ኤታኖል ይመረጣል፤ ከዓሣው አካል የሚወጣው ውሃ ስለሚያቀጥነው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ መለወጥ አለበት። ኤታኖል የዓሣውን አካል እንደሚያሳጥረው መዘንጋት ግን አይገባም፤ ርዝመቱ ከመታሸጉ በፊት ካልተለካ፣ ማሳጠሩን የሚያርም ስሌት ማዘጋጀት ግድ ይሆናል።

እንዳለ ማንበብ፣ መፋቅ ወይስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ?

በባሕር ላይ የተያዘ እጭ ድንጋዩ ስስና ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ስላይድ ላይ በአንድ ጠብታ የሌንስ ዘይት እንዳለ ሊነበብ ይችላል። ላፒለስም ዓሣው ከሰፈረ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እንዲሁ ነው። ሳጂታው ሲወፍር ግን መሐሉ ይደበዝዛል፤ ያኔ መፋቅ ያስፈልጋል።

አፋፈቁ ይህን ይመስላል። በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ ስላይድ ላይ ይደረግና ድንጋዩ በሚፈለገው አቅጣጫ ይተኛል፤ ሙጫው ሲቀዘቅዝ እጅግ ስስ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ 12 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ቀጥሎ 3፣ በመጨረሻም 1 ማይክሮን ቅንጣት ባለው፣ በውሃ እየታጠበ በጣት ጫፍ በክብ ይፋቃል። አሥር አሥራ አምስት ዙር ይፋቃል፤ ይታጠባል፤ ማይክሮስኮፕ ሥር ይታያል፤ እንደገና ይፋቃል። መሐሉ እየጠራ ሲመጣ «አንድ ዙር ብቻ ልጨምር» የሚል ፈተና ይመጣል። በዚያች አንዲት ዙር እምብርቱን ፍቄ ያጠፋሁባቸው ድንጋዮች ጥቂት አይደሉም፤ የጠፋ እምብርት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መሐሉ በበቂ ሁኔታ ሲታይ ፎቶ አንሥቶ፣ ከዚያ በኋላ መቀጠል የተሻለ ነው።

የተለመደው ማይክሮስኮፕ የራሱ ወሰን አለው። በብርሃን ተፈጥሮ ምክንያት፣ በጣም ጥሩ በሆነ ሌንስ እንኳ ከ0.2 ማይክሮን ገደማ በታች የተጠጋጉ ሁለት መስመሮች አይለያዩም፤ በተግባር ደግሞ ከአንድ ማይክሮን በታች የሆነ ቀለበት ማንበብ አስተማማኝ አይደለም። በብርድ ወራት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያድግ እጭ ቀለበቶቹ ወደዚህ ወሰን ይወርዳሉ። የዚህን መዘዝ በቁጥር ለማየት ያህል፣ 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተፈልፍሎ በ80 ቀን 16 ሚሊ ሜትር የደረሰ ዓሣ እናስብ፤ ዕድገቱ በቀን 0.125 ሚሊ ሜትር ነው። ከቀለበቶቹ 15ቱ ሳይታዩ ቀርተው 65 ብቻ ቢቆጠሩ ስሌቱ 0.154 ይሆናል። በብርድ የተጓተተው ዓሣ ከሩብ ትንሽ ባነሰ መጠን ፈጣን ተደርጎ ተመዘገበ ማለት ነው። ስሕተቱ የሚከፋው የሚጎዳው ዘገምተኞቹን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ፈጣኖቹ ሰፊ ቀለበት ስላላቸው በትክክል ይቆጠራሉ፤ በሁለቱ መካከል የነበረው እውነተኛ ልዩነት ይጠባል።

በዚህ ሁኔታ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይረዳል፤ ድንጋዩ ተፍቆ፣ ፊቱ በቀላል አሲድ ወይም ካልሲየምን በሚያሟሟው ኢዲቲኤ በተባለ ኬሚካል ትንሽ ተነክቶ፣ ቀለበቶቹ ከፍታና ዝቅታ ሆነው ይታያሉ። ዋጋውና ጊዜው ግን ለሁሉም ናሙና አይፈቅድም። ሁሉንም በተለመደው ማይክሮስኮፕ አንብቦ፣ ቀዝቃዛው ወቅት ላይ ከተፈለፈሉት ጥቂቶቹን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማረጋገጥ ሚዛናዊ አማራጭ ይመስለኛል።

ቀን መቁጠር ወይስ ስፋት መለካት?

የቀለበቶች ብዛት ዕድሜን ይሰጣል፤ የቀለበት ስፋት ደግሞ በየዕለቱ ምን ያህል እንዳደገ ይጠቁማል። ሁለተኛው ይበልጥ ያጓጓል፤ ይበልጥም ያሳስታል፤ ምክንያቱም የሚለካው የድንጋዩ ዕድገት እንጂ የዓሣው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 በጋፒ ዓሦች ላይ የተደረገ ሙከራ እንዳሳየው፣ እኩል ርዝመት ካላቸው ዓሦች መካከል ቀስ ብሎ ያደገው ትልቅ ድንጋይ ይይዛል። ምግብ ሲጎድል አካሉ ይቆማል፤ ድንጋዩ ግን ትንሽም ቢሆን መጨመሩን አያቆምም። ስለዚህ የአንድ የረሃብ ሳምንት ምልክት በቀለበቶቹ ላይ ደብዝዞ ወይም ዘግይቶ ሊታይ ይችላል። «ማክሰኞ ዕለት ዕድገቱ ቀነሰ» ብሎ ከአንድ ቀለበት መናገር ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው፤ የአምስትና የሰባት ቀን አማካይ መውሰድ ይሻላል።

ከቀለበት ወደ ኋላ ተመልሶ የዓሣውን የቀድሞ ርዝመት ማስላት የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከሁሉም ናሙናዎች የተገኘውን የርዝመትና የድንጋይ ዝምድና መስመር መጠቀም ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1990 ካምፓና የተባለ የዓሣ ተመራማሪ ያቀረበው ሲሆን፣ ሲፈለፈል የነበረውን የዓሣውንና የድንጋዩን መጠን እንደ ቋሚ መነሻ ወስዶ ከዚያ እስከ ተያዘበት ቀን ለእያንዳንዱ ዓሣ የራሱን መስመር ያሰምራል። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ያደገ ዓሣ ትልቅ ድንጋይ በመያዙ የሚመጣውን ስሕተት ስለሚቀንስ እመርጠዋለሁ። ለፕሌይስ ግን አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል፦ ዓይኑ በሚዞርበት ጊዜ የርዝመቱ ዕድገት ይገታል፣ ድንጋዩ ግን ይቀጥላል፤ መስመሩ እዚያ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ከሰፈረ በኋላ ላለው ዘመን መነሻው መፈልፈል ሳይሆን የለውጡ ምልክት ቢሆን ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ የተረፉትን ብቻ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሆቨንካምፕ የተባለ ተመራማሪ በሰሜን ባሕር የፕሌይስ እጮች ላይ ባደረገው ጥናት ፈጥነው የሚያድጉት ይበልጥ እንደሚተርፉ አሳይቷል። በግንቦት ዳርቻው ላይ የተያዙት የተረፉት ናቸውና የእነሱ የባሕር ላይ ዕድገት የመላውን ትውልድ ዕድገት አይወክልም። አቅም ካለ በየካቲት ከባሕር የተያዙ እጮችን ከኋላኞቹ ጋር፣ በተመሳሳይ ዕድሜ ላይ በነበሩበት ቀለበት፣ ማነጻጸር ነው።

ቀለበት ወይስ ኬሚስትሪ?

ድንጋዩ ሲያድግ ከውሃው ስትሮንቲየምና ባሪየም የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ጨዋማ ውሃ ስትሮንቲየምን፣ ወንዝ የቀላቀለው ውሃ ደግሞ ባሪየምን ከፍ ያደርጋል፤ በዋደን ባሕርም ከአይሰልሜር ሐይቅ በዴን ኡፈርና በኮርንቨርደርዛንድ በሮች ጣፋጭ ውሃ ስለሚለቀቅ ልዩነቱን ለመፈለግ ምክንያት አለ። ነገር ግን ሙቀትና የዓሣው የራሱ ሁኔታም መጠኑን ይለውጡታል። እነዚህን ንጥረ ነገሮች ለመለካት ድንጋዩን የሚመታው የሌዘር ነጥብም ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ማይክሮን ስለሚሰፋ፣ በለጋ ዓሣ ላይ አንድ ነጥብ የብዙ ቀናትን ታሪክ ያቀላቅላል። ኬሚስትሪ «የት ነበር» ለሚለው፣ ቀለበት «እንዴት አደገ» ለሚለው ይሁን፤ ሌዘሩ ድንጋዩን ስለሚበሳውም ፎቶና ቆጠራ መቅደም አለባቸው።

ማረጋገጥ

ቀለበቱ በእርግጥ በቀን አንድ መሆኑ ለእያንዳንዱ የዓሣ ዓይነት መፈተሽ አለበት። ለጋ ዓሦቹን አሊዛሪን የተባለ ቀለም ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በተቀላቀለበት ውሃ ለሰዓታት አቆይቶ፣ ድንጋዩ ላይ የሚያበራ መስመር ማሳረፍ፣ ከዚያም ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ከመስመሩ ውጭ ያሉትን ቀለበቶች መቁጠር ዋነኛው መንገድ ነው። ከሁለቱ አሊዛሪንን እመርጣለሁ፤ የኦክሲቴትራሳይክሊን ምልክት ብርሃን ሲነካው ስለሚደበዝዝ በጨለማ መቀመጥ አለበት፤ በተጨናነቀ ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ ይህ ይረሳል።

ንባቡም ቢሆን የዓሣውን ርዝመት ሳያውቁ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ቀናት አሳልፎ መደረግ ይኖርበታል። ርዝመቱን የሚያውቅ አንባቢ ለትልቁ ዓሣ ሳይታወቀው ብዙ ቀለበት ያገኝለታል። ጠፍጣፋ ዓሣ ሲያድግ የግራና የቀኝ ሳጂታው ቅርጽ ስለሚለያይ ለሁሉም ናሙና የሚነበበው የአንዱ ወገን ይሁን፤ የሌላው ወገን ጥንድ ሳይፋቅ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በደረቅ ብልቃጥ ይቀመጥ፤ የተፋቀው እምብርቱ የጠፋ እንደሆነ፣ ወይም ኬሚስትሪው ኋላ አስፈላጊ የሆነ እንደሆነ፣ ወደ ባሕሩ ሳይመለሱ የሚወሰደው እሱ ነው።